የማይታየውን ስለ መመርመር

ሰው ከፈጣሪው ከተቀበላቸው ሀብታት አንዱ አእምሮ ነው። አእምሮም ሁለት ሥራ አለው፤ አንደኛው የተገለጠለትን ማወቅ፥ ሁለተኛውም ያልተገለጠለትን አለማወቁን ማወቅ ነው። ፊተኛውን ሥራ ሰው ሁሉ ያመሰግነዋል፤ ኋለኛውን ግን እንደ ጕድለት እንጂ እንደ ምግባር የሚቈጥረው ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው «አላውቅም» ማለት በቦታው ሲነገር ከመልካም ምግባራት ጋራ የሚቈጠር መሆኑን፥ ሲደበቅ ግን ካህኑንም ምሁሩንም ወደ ሐሰት ምስክርነት የሚያደርስ መሆኑን ነው። ይህን የተረዳነው ከመጻሕፍት ብቻ አይደለም፤ ከራሳችን ስሕተትም ነው። ስለዚህ ስሕተታችንን አስቀድመን እንናገራለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰሜን ሸዋ፥ በመንዝና በግሼ ምድር ወደምትገኘው ወደ ራቤል ለአንድ ዓመታዊ ክብረ በዓል ተጠርተን ሄድን። አገሩ ደጋ ነው፤ ሌሊቱ ይበርዳል፥ ሰማዩ ግን ጥሩ ነው። ለማሕሌት ከማደሪያችን ስንወጣ የከዋክብቱ ብዛትና ቅርበት አስደነቀን፤ ይህም አሳብ እስኪነጋ ድረስ ከልባችን አልወጣም። ለትምህርት በዐውደ ምሕረቱ ላይ በቆምን ጊዜ፥ በአንድ ወቅት ያነበብነውን አስታውሰን፥ የዘመናችን የሰማይ ተመራማሪዎች በዓለም ካለው ሁሉ የሚታየው ከመቶ አምስት እጅ ብቻ ነው፥ ዘጠና አምስቱ ስውር ነው እንዳሉ ለሕዝቡ ነገርን። ቀጥለንም «እንግዲህ ያ ስውር የመላእክትና የነፍሳት ዓለም ካልሆነ ምን ይሆናል? ሳይንስ ሳይወድ ለሃይማኖታችን መሰከረ» አልን። ሕዝቡ እልል አለ፤ እኛም በእልልታው ደስ አለን።

ቅዳሴው ተፈጽሞ በደጀ ሰላሙ አጠገብ ሳለን አንድ ወጣት መጥቶ መስቀል ተሳለመ። በልጅነቱ በዚያው ደብር በድቁና ያገለገለ፥ ኋላም ዘመናዊ ትምህርት ተምሮ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ ፊዚክስ የሚያጠና መሆኑን ነገረን። ከዚያም ዐይኑን ወደ መሬት አድርጎ፥ «የኔታ፥ ይቅር ይበሉኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለን።

«ጠይቅ ልጄ» አልነው።

«ዛሬ የመላእክት ዓለም ነው ያሉትን ነገር ብዙ ሰዎች ከተራራ በታች፥ ከጥልቅ ጕድጓድ ገብተው በመሣሪያ ይፈልጉታል። ነገ አንዲት ቅንጣት ቢይዙ ለዚህ ሕዝብ ምን ይሉታል?»

መልስ አልነበረንም። የወጣቱ አባት፥ የዚያው ደብር ቄስ፥ ቆመው ይሰሙ ኖሮ «ዝም በል፥ የኔታን ትፈትናለህን?» ብለው ተቈጡት። ወዲያውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የራሳቸውን ጭንቀት ገለጡልን። «የኔታ፥ ይህን ልጅ ለማስተማር በጎቻችንን ሸጥን። የሚማረው ነገር አይታይም፥ አይበላም፥ አይለበስም። ሃይማኖቱንስ ያስለቅቀው ይሆን? እስቲ እርስዎ ይምከሩት» አሉን።

በዚያች ሰዓት ሦስት ጥያቄዎች ቀረቡልን። አንደኛው፥ ሰው ያላወቀውን ነገር ለሃይማኖት ማስረጃ ማድረግ ይገባልን? ሁለተኛው፥ የማይበላውንና የማይለበሰውን ለመመርመር የደሀ ቤት ሀብት ማውጣት ይገባልን? ሦስተኛው፥ እንዲህ ያለው ምርመራ ከሃይማኖት ያርቃልን? ለእነዚህ መልስ ከመስጠታችን በፊት ግን ነገሩ ራሱ ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ነበረብን፤ አስቀድመን ማድረግ የሚገባንም ይህንኑ ነበር። ወጣቱ በዚያ ቀን ካስረዳን፥ እኛም ከዚያ ወዲህ ካነበብነው ዋና ዋናውን እንጽፋለን። ስለ ምርመራው የምንጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ኳንተም የሚባለው ትምህርት ነው። በ1900 ማክስ ፕላንክ የተባለ የጀርመን ሊቅ፥ የጋሉ ነገሮች የሚሰጡትን ብርሃን ሲመረምር፥ ኃይሉ እንደ ወንዝ ሳይቋረጥ የሚፈስ ሳይሆን፥ እህል በቁና እንደሚሰፈር በተወሰነ መስፈሪያ የሚሰጥ መሆኑን አገኘ። በ1927 ደግሞ ሃይዘንበርግ የተባለው ሊቅ፥ የአንዲትን ቅንጣት ስፍራዋንና ግስጋሴዋን በአንድነት ያለ ወሰን አጥርቶ ማወቅ እንደማይቻል አስረዳ። ይህም ከመሣሪያ ጕድለት የመጣ አይደለም፤ የነገሩ ጠባይ እንዲህ ነው እንጂ። ስለዚህ የፊዚክስ ሊቃውንት ራሳቸው ለዕውቀታቸው ወሰን እንዳለው በሒሳብ ጽፈው አስቀመጡ።

ሁለተኛው ወጣቱ ራሱ የሚያጠናው፥ ሱፐርኮንዳክተር የሚባለው ነገር ነው። ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ ሲያልፍ፥ በገበያ ቀን በሰው መካከል እየተጋፋ እንደሚያልፍ መንገደኛ ነው፤ በየርምጃው ይደክማል፥ ድካሙም ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። በ1911 በሆላንድ በላይደን ከተማ ካመርሊንግ ኦነስ የተባለ ሊቅ ሜርኩሪን ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ያህል ባቀዘቀዘው ጊዜ ግን ያ ግፊያ ፈጽሞ ጠፋ፤ ኤሌክትሪኩ ያለ አንዳች ድካም አለፈ። በእኛ ደጋ ብርድ ሲጸና ገብሱን ውርጭ ይመታዋል፥ ውኃውም ይረጋል፤ በዚያ ግን እጅግ የጸናው ብርድ መንገድ ከፋች ሆነ። የዚህ ምክንያት ወዲያው አልታወቀም። ባርዲን፥ ኩፐርና ሽሪፈር የተባሉ ሦስት አሜሪካውያን ኤሌክትሮኖቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ እንደሚጓዙ ያስረዱት በ1957 ነው። በመካከሉ 46 ዓመት አለፈ፤ እነዚያን ዓመታት ሁሉ ሊቃውንቱ የሚያዩትን እያዩ «ምክንያቱን አላወቅንም» ይሉ ነበር። በ1986 ደግሞ በስዊስ አገር፥ በዙሪክ አጠገብ፥ ከመዳብና ከኦክሲጅን ጋራ የተዋሐደ፥ ያን ያህል ብርድ የማይፈልግ ሌላ ዓይነት ተገኘ፤ ሁሉን የሚያስማማ ምክንያቱ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ወጣታችን እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ተመራማሪዎች በወረቀትና በኮምፒዩተር ስሌት የሚደክመው ከዚህ ጋራ በተያያዘ ጥያቄ ነው።

ሦስተኛው እኛን ያሳሳተን፥ ጨለማ ቁስ የተባለው ነገር ነው። ወፍ የሚጠብቅ ልጅ ወንጭፉን ሲያዞር ድንጋዩ ተወርውሮ የማይሄደው ገመዱ ስለያዘው ነው፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ገመዱ ጠንካራ መሆን አለበት። በ1933 ፍሪትዝ ዝዊኪ የተባለው ሊቅ በአንድነት የተሰበሰቡ የከዋክብት መንደሮችን ሲመረምር፥ ፍጥነታቸው ከሚታየው ክብደታቸው ጋራ እንደማይመዛዘን አየ። በ1970ም ቬራ ሩቢን የተባለችው ሊቅ ከባልደረባዋ ከኬንት ፎርድ ጋራ አንድሮሜዳ የተባለውን የከዋክብት ጉባኤ ስትለካ፥ በዳር ያሉት እንደሚጠበቀው አዝግመው ሳይሆን በፍጥነት ሲዞሩ አገኘች። እንግዲህ ድንጋዩ እየዞረ ካልተወረወረ፥ ባናየውም ገመድ አለ ማለት ነው። ያን የማይታይ ገመድ የሚሰጠው ነገር ጨለማ ቁስ ተባለ። ስሙ ግን ያሳስታል፤ ብርሃንን አይሰጥም፥ ብርሃንንም አይከለክልም፤ ጨለማ ከማለት ስውር ማለት ይሻለው ነበር። በዛሬው ስሌት በዓለም ካለው ሁሉ የታወቀው ቁስ ከመቶ 5 እጅ፥ ይህ ስውር ቁስ 27 እጅ፥ የዓለሙን መስፋፋት የሚያፋጥነውና ከስሙ በቀር ምንነቱ ያልታወቀው ኃይል 68 እጅ ያህል ነው። እኛ በዐውደ ምሕረቱ ላይ ዘጠና አምስት ብለን በአንድነት የቀላቀልነው እነዚህን ሁለቱን ነው።

በኢጣልያ በግራን ሳሶ ተራራ ሥር፥ 1,400 ሜትር ያህል ዓለት ከላያቸው ተሸክመው፥ በአሜሪካም በደቡብ ዳኮታ በቀድሞ የወርቅ ጕድጓድ ውስጥ 1,500 ሜትር ያህል ወርደው፥ ዜኖን የተባለውን ነገር በፈሳሽነቱ በታላቅ ዕቃ ሞልተው የዚያን ስውር ቁስ አንዲት ግጭት ለማየት የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ብዙ ዓመታት ጠበቁ፤ ሁሉ የተቀበለው ምልክት ግን እስከ ዛሬ አልታየም። ከሊቃውንቱ መካከልም ምናልባት ስውር ቁስ የለ ይሆናል፥ የሚታረመው የስበት ሕጋችን ይሆናል የሚሉ አሉ። ሥራቸውን ሲጨርሱም አገኘን አይሉም፤ እዚህ ድረስ ፈለግን፥ አላገኘንም ብለው ይጽፋሉ እንጂ።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ያልታወቀውን ነገር የሃይማኖት ማስረጃ ማድረግ አይገባም፤ ስለ ሁለት ምክንያት። አንደኛ፥ የማይታይ ሁሉ መንፈስ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን እግዚአብሔር የሚታየውንም የማይታየውንም እንደ ፈጠረ ታስተምራለች። ነፋስ አይታይም፥ ግን ከአራቱ ባሕርያት አንዱ እንጂ መልአክ አይደለም። ስውር ቁስ የተባለውም ቢኖር ክብደት ያለው፥ ከዋክብትን የሚስብ ግዙፍ ፍጥረት ነው። መልአክ ክብደት የለውም፤ እኛ ግን በዚያ ቀን መላእክትን በሚዛን አስቀመጥናቸው። ማክበር መስሎን አዋረድናቸው። ደግሞ በአክሲማሮስ ትምህርት ጨለማ ከእሑድ ፍጥረታት አንዱ እንደ ሆነ ስለ ተማርን፥ በስም መመሳሰል ብቻ «ይህ በእኛ ዘንድ አስቀድሞ የታወቀ ነው» የሚሉ መምህራን አሉ። ይህም ስሕተት ነው፤ አባቶች የተናገሩት ስለ አንድ ነገር፥ ሊቃውንቱ የሚፈልጉት ሌላ ነገር ነው። ብርሃን እንደ ማዕበልም እንደ ቅንጣትም መታየቱን ሰምተው ለምሥጢረ ተዋሕዶ ማስረጃ የሚያደርጉም አልጠፉም። አባቶች የፀሐይን ክበብ፥ ብርሃንና ሙቀት ለምሥጢረ ሥላሴ ምሳሌ አድርገው አስተምረዋል፤ ነገር ግን ምሳሌ ሕጹጽ መሆኑን አልዘነጉም። ምሳሌ ለሚያምን ማስረጃ ሳይሆን ማስታወሻ ነው።

ሁለተኛ፥ ሃይማኖትን በሌላው ሰው አለማወቅ ላይ የሚያቆም ሰው፥ በሰው መሬት ላይ ቤት እንደ ሠራ ነው፤ ባለቤቱ በመጣ ቀን ያፈርስበታል። ሊቁ ዛሬ ያላወቀውን ነገ ሲያውቅ፥ በዚያ ላይ የተሠራው ስብከት ይወድቃል፤ ከስብከቱም ጋራ የሰማው ምእመን እምነት ይናወጣል። ለዚያ ነፍስ ተጠያቂው ተመራማሪው አይደለም፤ ሰባኪው ነው። የወጣቱ ጥያቄ እኛን ለመፈተን ሳይሆን ስለ ሕዝቡ አዝኖ የተጠየቀ መሆኑን የተረዳነው ቈይተን ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የአባትየው ነው፤ ምን ያበላል? ለዚህ ቀላሉ መልስ አለ። በአብዛኛው የኤም አር አይ መሣሪያ ውስጥ፥ የሕሙማን አካል ሳይቀደድ ውስጡ የሚታይበትን ጠንካራ መግነጢስ የሚሰጠው ያ በብርድ ግፊያው የጠፋለት ሽቦ ነው። ካመርሊንግ ኦነስ ሜርኩሪ ሲያቀዘቅዝ ስለ ሕመምተኛ አላሰበም፤ ዛሬ ግን በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች የሚታከመው ሰው ከዚያ ድካም ይጠቀማል። ስለዚህ የዘሩት ሁሉ በዘሪው ዘመን አይታጨድም ብንል እውነት ነው።

ነገር ግን በዚህ መልስ ብቻ ብንረካ አባትየውን አታለልናቸው ማለት ነው፤ ምክንያቱም ስውር ቁስን መፈለግ ምንም ጥቅም ሳይሰጥ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ሌላ ነገር ጠየቅናቸው። «አባ፥ እርስዎ ቅኔ ለመቁጠር ከመንዝ ሲወጡ፥ ደበሎ ለብሰው፥ አኩፋዳ ተሸክመው፥ የሰው ደጅ እየጠኑ በቁራሽ ሲያድሩ፥ ቅኔ ምን ያበላል ያለዎት ሰው አልነበረምን?» አልናቸው። ፈገግ አሉ። «አባቴ ራሳቸው ብለውኛል» አሉን። የቆሎ ተማሪ ዓመታት ሲንከራተት የኖረው እንጀራ ፍለጋ አይደለም፤ ከመንገዱ ይልቅ በቤቱ ቢቀመጥ ይጠግብ ነበር። አገራችን ደሀ ሳለች ቅኔን፥ ዜማንና ትርጓሜን ጠብቃ ያቈየችው ምን ያበላል ሳይሉ ልጆቻቸውን በላኩ ወላጆችና፥ ለማያውቁት ልጅ ቁራሽ በሰጡ እናቶች ነው። እውነትን ስለ እውነትነቱ መፈለግ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ከወላጅ ጕሮሮ ነጥቆ የሚማር ልጅ ዕዳ አለበት፤ ዕዳውም ገንዘብ ብቻ አይደለም፥ የተማረውን ለሌላው ማካፈል ነው። በዚህ ረገድ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት የፊዚክስ ሊቅ ሙሉጌታ በቀለ ሊጠቀሱ ይገባል። በደርግ ዘመን ታስረው ሳሉ አብረዋቸው ለታሰሩት ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር፤ የአሜሪካ የፊዚክስ ሊቃውንት ማኅበርም በ2012 በአንድሬ ሳካሮቭ ስም የተሰየመውን፥ ለሰብአዊ መብት የሚሰጠውን ሽልማት ሸለማቸው።

ሦስተኛው ጥያቄ፥ ምርመራ ከሃይማኖት ያርቃልን የሚለው ነው። ከዐቅም በላይ የሆነውን መፈለግ እንደማይገባ ሲራክ የሰጠውን ምክር ለዚህ የሚጠቅሱ አሉ። ነገር ግን አባቶቻችን የማይመረመር ያሉት ባሕርየ እግዚአብሔርን ነው፤ ፍጥረቱንማ ራሳቸው መርምረዋል። ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ዕለታት ፍጥረት ሲያስተምር በዘመኑ ስለ እንስሳትና ስለ ዕፀዋት የታወቀውን ዕውቀት ሁሉ ተጠቅሟል። የእኛም ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ ዓመተ ዓለሙን ለ19 ገድፈው፥ ከተረፈው አንድ አጕድለው ወንበሩን ያወጣሉ፤ ከወንበሩም አበቅቴንና መጥቅዕን ያገኛሉ፤ በዚህም ወደ ሰማይ ቀና ሳይሉ የጨረቃን ሂደት ያውቃሉ። ይህን ሲያደርጉ ጾምና በዓልን አጸኑ እንጂ እምነታቸውን አላጡም።

ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ ሌላ ምሳሌ አለ። ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከሰማይ በታየው ብርሃን ነው። ከታሪክ ሊቃውንት አንዳንዶቹ ያ ብርሃን በ1456 የታየው፥ በየ76 ዓመቱ ያህል የሚመለሰው የሃሌይ ባለጅራት ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እንዲያ ቢሆንስ ምን ይጐድላል? ኮከቡ ሕግ ጠብቆ መመለሱ ሕግ ሰጪውን አያስቀረውም፤ ንጉሡ ያቀረበው ምስጋናም ወደ ኮከቡ አልነበረም። ባይሆንም ደግሞ እምነታችን በዚያ ላይ የቆመ አይደለም። ዛሬ በዚያችው ከተማ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የራቤል ልጆችም ከብዙ ርቀት ሄደው ይማሩበታል። በእንጦጦም ጋራ ላይ፥ ከጥንታውያኑ አድባራት ብዙ ሳይርቅ፥ መስተዋታቸው አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት የከዋክብት መመልከቻዎች ቆመዋል። ማሕሌት ቆሞ ያደረ ደብተራና ሰማይ ሲለካ ያደረ ተማሪ ጎህ ሲቀድ በአንድ መንገድ ሊገናኙ ይችላሉ፤ ሁለቱም ሌሊቱን በከንቱ አላሳለፉም።

ሆኖም ምርመራ ፈተና የለውም አንልም። የመጀመሪያው ፈተና ትዕቢት ነው፤ ጥቂት ያወቀ ሰው ሁሉን ያወቀ ይመስለዋል። ሁለተኛው ዕውቀትን ለጥፋት ማዋል ነው፤ በ1945 በሂሮሺማና በናጋሳኪ የሆነው ይበቃል። ሦስተኛው ሐሰት ነው። በ2020 ኔቸር በተባለው ታላቅ የሳይንስ መጽሔት፥ በብርቱ ግፊት ሥር ያለ ብርድ ሱፐርኮንዳክተር ተገኘ የሚል ጽሑፍ ታተመ፤ ዓለምም ተደነቀ። ሌሎች ሊቃውንት ግን ቍጥሮቹን መርምረው ተጠራጠሩ፤ በ2022 መጽሔቱ ጽሑፉን ሰረዘው። በ2023 የወጣው ተመሳሳይ ጽሑፍም በዚያው ዓመት ተሰረዘ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፤ ክብር የሚወድ ሰው በቤተ መቅደስም በቤተ ሙከራም እንደሚገኝ፥ ደግሞም ስሕተቱን በታተመበት ገጽ ላይ በአደባባይ የሚሰርዝ ጉባኤ ለእውነት የቀረበ መሆኑን። ንስሓ የምናስተምር እኛ በዐውደ ምሕረት የተናገርነውን ስሕተት በዐውደ ምሕረት ያረምነው ስንት ጊዜ ነው?

ስለዚህ ካህናት ወንድሞቻችንን የምንለምነው ይህን ነው፤ ልጆቻችን ስለሚማሩት ነገር ከመስበካችን በፊት ልጆቹን እንጠይቅ፤ ያላወቅነውን አላወቅንም እንበል። ወላጆችም ልጃቸው የሚያጠናው ነገር ስለማይታይ ብቻ ከንቱ ነው አይበሉ፤ ዋናው ተስፋችን ራሱ ገና ያላየነው ነውና። ተማሪዎችም በመሣሪያ ያልተያዘ ሁሉ የለም ብለው አይፍረዱ፤ የሚፈልጉትን ቅንጣት ለማግኘት ስንት ዓመት በትዕግሥት እንደሚጠብቁ እያሰቡ፥ ለጸሎትም ያን ያህል ትዕግሥት ይስጡ።

በዓመቱ ያው በዓል ሲደርስ ወደ ራቤል ተመለስን። በዚያው ስፍራ ቆመን፥ ባለፈው ዓመት ስለ ስውሩ ዓለም የተናገርነው ስሕተት እንደ ነበረ፥ ያረመንም የእነርሱ ልጅ እንደ ሆነ ነገርን። እልልታ አልተሰማም፤ ሕዝቡ ዝም ብሎ አደመጠ። ከትምህርቱ በኋላ ግን ቄሱ ቀርበው፥ «የኔታ፥ የቀሩትን በጎች እሸጣለሁ፤ ልጁ ይጨርስ» አሉን።

የሚታየውንና የማይታየውን የፈጠረ አምላክ፥ ያወቅነውን በትሕትና፥ ያላወቅነውንም በትዕግሥት የምንይዝበትን ልቡና ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።